የጨርቅ ኮፍያ ወደ አሜሪካ ለምታስገቡ፦ የቀረጥ ኮዱን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ የሀበሻ ሱቅ ጎራ ብትሉ ባንዲራ የተጠለፈበት ኬፕ አታጡም። አጠገቡ የሹራብ ኮፍያ አለ። ወረድ ብሎ ሹሩባ ለተሠሩ ሴቶች የሚሆን የሳቲን የመኝታ ቆብ ተደርድሯል። ይህን ሁሉ ከውጭ የሚያስመጡት ብዙ ጊዜ ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ሁለት ካርቶን ከቻይና ወይም ከቱርክ ያዛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሽመና ሥራ ያስመጣሉ።

ዕቃው ሲደርስ ጉምሩክ አስተላላፊው ኮዱን ይጠይቃል። ነጋዴውም አቅራቢው ኢንቮይሱ ላይ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ ይሰጣል። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለኮዱ ትክክለኛነት ኃላፊው አስመጪው ነው። ከ1993ቱ የጉምሩክ ማሻሻያ ሕግ ወዲህ አስመጪው ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉ ግዴታው ሆኗል። «አቅራቢው ነው የነገረኝ» ማለት አያድንም።

ጉምሩክ የዕቃውን የገበያ ስም አይቶ አይወስንም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፦ ይህ ነገር በእርግጥ ኮፍያ ነው? እንዴት ተሠራ? ከምን ተሠራ? ብዙ ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል፤ «ጥጥ ነው» ብሎ። ከመጀመሪያው ጀምሩ።

መጀመሪያ፦ ቁጥሩን ማንበብ ልመዱ

የዕቃ መለያ ኮዱ (ኤችኤስ ኮድ የምንለው) የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣው ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ1988 ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በአባል አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ሁለቱ ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንዑስ አንቀጹን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭራ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይቀጥላል። ኢትዮጵያ 8 አሃዝ ትጠቀማለች፣ አሜሪካ 10። በአሜሪካ ቀረጡ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ለስታቲስቲክስ ናቸው።

ስለዚህ የቻይናው አቅራቢ የሰጣችሁ ቁጥር ቢበዛ እስከ 6ኛው አሃዝ ይጠቅማችኋል። ጭራው የቻይና ጭራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምንም ትርጉም የለውም።

አሮጌ ዝርዝር የምትጠቀሙ ከሆነም ተጠንቀቁ። 6503 የሚባል የፌልት ኮፍያ አንቀጽ ነበር። በ2007 ማሻሻያ ጠፍቶ ወደ 6505 ተቀላቀለ። በ2012 ደግሞ 6505 ውስጥ ለየብቻ የነበሩት የፀጉር መረብና ሌሎች ኮፍያዎች በአንድ ንዑስ አንቀጽ፣ በ6505.00 ሥር ተጠቃለሉ። ዛሬም 6505.90 ብሎ የሚጽፍ አቅራቢ ካጋጠማችሁ ሰንጠረዡ ያረጀ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ፦ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ መርምሩት

ከፎቶ ተነስቶ ኮድ መስጠት አይቻልም። ካርቶኑ ከመጫኑ በፊት አንድ ናሙና አስልኩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እነዚህን ጻፉ፦

የውጩ ጨርቅ የተሸመነ ነው ወይስ በሹራብ አሠራር የተሠራ? ይህን ለማወቅ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ አጉሉት። የተሸመነ ጨርቅ ላይ ክሮቹ ቀጥ ብለው አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራሉ፣ ልክ እንደ ሸማ። ጂንስና ብዙ ኬፖች ላይ የሚታየው ሰያፍ መስመርም ሽመና ነው። ሹራብ ግን ቀለበት በቀለበት ውስጥ የገባ ነው፤ ስትስቡት ይለጠጣል። የቲሸርት ጨርቅ ብዙ ሰው ሹራብ አይመስለውም። በጉምሩክ ዓይን ግን ሹራብ ነው። በኪሮሽ የተሠራም ከሹራብ ጋር ይቆጠራል። የኬፕ ጀርባ ላይ ያለው ወንፊት መሰል ጨርቅም አብዛኛውን ጊዜ ሹራብ ነው፤ ግን ሳታዩ አትደምድሙ።

የክሩን ዓይነትና ድርሻ በመቶኛ ጠይቁ። «ጥጥ» የሚል መልስ በቂ አይደለም። «60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር፣ በክብደት» የሚል መልስ ያስፈልጋችኋል። ኮፍያው ከተለያዩ ጨርቆች የተሰፋ ከሆነ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ አስጽፉ፦ ለፊቱ፣ ለጀርባው፣ ለጥላው (ከግንባር ወደ ፊት ለሚወጣው)፣ ለገበሩ።

የአንዱን ኮፍያ የተጣራ ክብደት መዝኑ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ስሌቱ ላይ ታያላችሁ።

መጨረሻ ላይ ጌጡን ተመልከቱ። ጥልፍ አለው? በጉንጉን መልክ የተሠራ ጥብጣብ አለው? ውስጡ ጠንካራ ፕላስቲክ አለ? የላስቲክ ሽፋን ተቀብቷል?

ዋናው ጥያቄ፦ በእርግጥ ኮፍያ ነው?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ኮፍያና የራስ መሸፈኛ በምዕራፍ 65 ነው። ምዕራፉ ሰፊ ነው። ለዕለት የሚደረግ፣ ለመድረክ፣ ለሥራ፣ ለሃይማኖት የሚሆን ሁሉ ይገባበታል። የሙስሊም ወንዶች ኮፊያ፣ የአይሁድ ኪፓ፣ የሼፍ ቆብ፣ የምረቃ ባርኔጣ፣ የሕፃን ቆብ፣ የሳቲን የመኝታ ቆብ፣ ራስ ላይ የሚታሰር ዱራግ ሁሉም እዚህ ናቸው። ራስ ላይ የሚደረግ ጨርቅ ሁሉ ግን ኮፍያ አይደለም።

ነጠላን ውሰዱ። ሴቶች ይከናነቡታል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ነጋዴ የራስ መሸፈኛ ብሎ በ6505 ያስመዘግበዋል። ስህተት ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሻል፣ የፊት መሸፈኛ ጨርቅና የመሳሰሉት የተሸመኑ ከሆነ በ6214፣ ሹራብ ከሆኑ በ6117 ነው የሚመደቡት። ከጥጥ የተሸመነ ነጠላ በአሜሪካ ታሪፍ 6214.90.00 ነው፤ መደበኛ ቀረጡ 11.3 በመቶ። የተሸመነ የጥጥ ኮፍያ ደግሞ 7.5 በመቶ ነው። ልዩነቱ በሁለት ሻንጣ ላይ ባይታወቅም በመቶ ኪሎ ላይ ይታወቃል።

ጨርቁ አራት ማዕዘን ሆኖ አንዱም ጎን ከ60 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ሻርፕም አይደለም። የምዕራፍ 62 ማስታወሻ እንደ መሐረብ ይቆጥረዋል፤ አንቀጹ 6213 ይሆናል። ወጣቶች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ባንዳና በዚህ ነው የሚያልፈው። ሜትር አውጥታችሁ ለኩት። በዓይን ግምት አይሆንም።

ጥምጥም ላይ አስተውሉ። ተጠቅልሎና ተሰፍቶ ራስ ላይ ብቻ የሚጫን ሆኖ የመጣ ጥምጥም ኮፍያ ነው፣ 6505። ካህናት ወይም ሼኾች ራሳቸው የሚጠመጥሙት ረጅም ሻሽ ግን ሲመጣ ገና ጨርቅ ነው። ከጣቃ ላይ በቀጥታ ከተቆረጠና ጫፉ ካልተሰፋ በጨርቆች ምዕራፍ ውስጥ ይፈለጋል። ነገ ራስ ላይ መጠምጠሙ ዛሬ ኮፍያ አያደርገውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው የግንባር ማሰሪያ ነው። ለስፖርት ላብ የሚይዝ፣ ለክረምት ጆሮ የሚሸፍን፣ ለጌጥ ፀጉር የሚይዝ ሁሉ ማለቴ ነው። አቅራቢው «የራስ ማሰሪያ» ብሎ ይጽፋል፤ ነጋዴው ታሪፉን ሲያይ 6507 ላይ የራስ ማሰሪያ የሚል ቃል ያገኛል። ደስ ይለዋል። ነገር ግን 6507 የሚናገረው ኮፍያ ውስጥ ስለሚሰፋ ማሰሪያ ነው፤ ስለ ገበር፣ ስለ ጥላና ስለ አገጭ ማሰሪያም እንዲሁ። የኮፍያ አካል የሚሆን ማለት ነው። ብቻውን የሚደረግ የግንባር ማሰሪያ የልብስ ተጓዳኝ ዕቃ ነው። ሹራብ ከሆነ 6117.80፣ ከተሸመነ 6217.10። በአሜሪካ ለሁለቱም ወገን የራስ ማሰሪያና የፀጉር መያዣ የሚል መስመር አለ፣ 6117.80.85 እና 6217.10.85፤ ቀረጡ 14.6 በመቶ ነው። ከኮፍያው እጥፍ ማለት ይቻላል።

አናቱ ክፍት የሆነው፣ ጥላ ያለው የቴኒስ ኮፍያስ? እሱ አናት ባይሸፍንም ከጨርቅ ከተሠራ ኮፍያ ተብሎ በ6505 ያልፋል። የአሜሪካ ታሪፍ እንዲያውም ለእሱ የስታቲስቲክስ መስመር አውጥቶለታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። የአሻንጉሊት ኮፍያና የካርኒቫል ቀልድ ቆብ ምዕራፍ 95 ነው። የውሻ ኮፍያ 4201። ዊግ 6704። ከጃኬቱ ጋር የመጣ ተነቃይ የራስ መሸፈኛ ከጃኬቱ ጋር ይመደባል። ያገለገለ ኮፍያ፣ ማለቴ ሳልባጅ፣ የመለበስ ምልክቱ በግልጽ ከታየና በጅምላ ወይም በቦንዳ ከመጣ 6309 ነው። ይህን ወደ ኢትዮጵያ ለንግድ ማስገባት ክልክል መሆኑን አትርሱ።

አንቀጹን መምረጥ፦ እንዴት ተሠራ?

ኮፍያ መሆኑ ከተረጋገጠ ምዕራፍ 65 ውስጥ የሚያሳስባችሁ ሦስት አንቀጽ ነው።

6504 ከሰቅ የተሠራ ኮፍያ ነው። የተጎነጎነ ወይም ረዣዥም ሰቅ እየተጠቀለለ የተሰፋ። ሣርም ይሁን ወረቀት፣ ፖሊስተርም ይሁን ጥጥ፣ ለውጥ የለውም። የሴቶች የበጋ ባርኔጣ ብዙው እንዲህ ነው፤ ከአናቱ እስከ ጠርዙ እየዞረ የሚወርድ መስመር ይታያል። ያን መስመር ካያችሁ ጨርቅ ነው ብላችሁ ወደ 6505 አትሩጡ።

6505 ከጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ፣ ወይም በቀጥታ በሹራብና በኪሮሽ የተሠራ ኮፍያ ነው። ከዳንቴልና ከፌልት የተሠራም እዚሁ ነው። የፀጉር መረብ ከምንም ይሠራ እዚህ ይገባል። ገበር ኖረው አልኖረው፣ ጥልፍ ኖረው አልኖረው አንቀጹ አይለወጥም። ጨርቁ ሰም ወይም ላስቲክ ቢቀባም እዚሁ ይቆያል። የቀባው ነገር ጨርቁን ዋጥ አድርጎት ጨርቁ ደጋፊ ብቻ ሆኖ ሲቀር ግን ነገሩ ፕላስቲክ ይባላል፤ ያኔ ወደ 6506.91 ይሄዳል። ቆዳ መሳይ ኬፕ የምታስመጡ ጨርቁን ከውስጥም ከውጭም እዩት። በሁለቱም በኩል ፕላስቲክ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

6506 የቀረው ነው። የደኅንነት ቆብ 6506.10፣ የጎማና የፕላስቲክ 6506.91፣ የሌላው ዓይነት ማለትም የቆዳና የፀጉራም ቆዳ 6506.99። የሲሊኮን የመዋኛ ቆብ 6506.91 ነው፤ ከሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ የተሰፋው ግን 6505። ላዩ ኬፕ መስሎ ውስጡ ራስን ከግጭት የሚከላከል ጠንካራ ፕላስቲክ የተገጠመለት የፋብሪካ ቆብ ደግሞ በሥራው ምክንያት 6506.10 ሊሆን ይችላል።

ሆስፒታልና ምግብ ቤት የሚጠቀሙበት ስስ፣ ተጠቅሞ የሚጣል ቆብ ከ6505 አይወጣም። ያልተሸመነ የፖሊፕሮፒሊን ጨርቅ ስለሆነ ወደ ሰው ሠራሽ ክር መስመር ይሄዳል። ፀጉር ስለሚይዝ ብቻ የፀጉር መረብ አትበሉት። መረብ ማለት መረብ ነው፤ ቀረጡም 9.4 በመቶ ነው።

ጭራውን መምረጥ፦ ከምን ተሠራ?

እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። አውሮፓ ኅብረት ስለ ክሩ ብዙም ግድ የለውም፤ የሚጠይቀው ጥላ አለው ወይስ የለውም ብሎ ነው፣ ቀረጡም በሁለቱም 2.7 በመቶ ነው። አሜሪካ ግን ክሩንና አሠራሩን ይቆጥራል። 6505.00 ሥር ያሉት ዋና ዋና መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

- የጥጥ ሹራብ፣ 6505.00.15፦ 7.9 በመቶ
- ሹራብ ያልሆነ የጥጥ፣ 6505.00.20፦ 7.5 በመቶ
- የሱፍ ሹራብ፣ 6505.00.30፦ በኪሎ 25.4 ሳንቲም እና 7.7 በመቶ
- ሹራብ ያልሆነ የሱፍ፣ 6505.00.40፦ 7.9 በመቶ
- የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ፣ ጉንጉን ያለበት፣ 6505.00.50፦ 6.8 በመቶ
- የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ፣ ጉንጉን የሌለው፣ 6505.00.60፦ በኪሎ 20 ሳንቲም እና 7 በመቶ
- ሹራብ ያልሆነ የሰው ሠራሽ ክር፣ ጉንጉን ያለበት፣ 6505.00.70፦ 6.8 በመቶ
- ሹራብ ያልሆነ የሰው ሠራሽ ክር፣ ጉንጉን የሌለው፣ 6505.00.80፦ በኪሎ 18.7 ሳንቲም እና 6.8 በመቶ
- ሌላው፣ ለምሳሌ የሐር፣ 6505.00.90፦ በኪሎ 20.7 ሳንቲም እና 7.5 በመቶ

ክሩ ድብልቅ ሲሆን በክብደት የበለጠው ያሸንፋል። ምዕራፍ 65 ከጨርቃ ጨርቅ ክፍል ውጭ ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ ተጨማሪ ደንብ የጨርቃ ጨርቁን የድብልቅ ሕግ የክር ስም የተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። ስለዚህ 60 በመቶ ጥጥ የሆነው ኬፕ የጥጥ ኬፕ ነው። ግማሽ በግማሽ ከሆነስ? በታሪፉ ቅደም ተከተል ኋላ የሚመጣው ይወስደዋል። ጥጥ ምዕራፍ 52 ነው፣ ፖሊስተር 54 ወይም 55። ፖሊስተር ያሸንፋል።

ሰው ሠራሽ ክሮች በአንድ ላይ ይደመራሉ። 45 በመቶ ጥጥ፣ 30 በመቶ ፖሊስተር፣ 25 በመቶ አክሪሊክ የሆነ ኮፍያ የጥጥ ይመስላል። ሲደመር ግን ሰው ሠራሹ 55 ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሳቲንም እንዲሁ ያሳስታል። ሳቲን የሽመናው ዓይነት ነው፤ ሐርም ፖሊስተርም ሊሆን ይችላል። ርካሹ የመኝታ ቆብ ፖሊስተር ሆኖ 6505.00.80 ላይ ያርፋል። «እንደ ሐር» የሚለውን የማስታወቂያ ቃል ኢንቮይስ ላይ እንዳታስገቡ።

ጉንጉን ያለበት የሚለው መስመር ብዙዎችን ይማርካል፤ በኪሎ የሚከፈለውን ያስቀራልና። ጌጥ እንዲሆን ጠርዝ ላይ የተደረገች ቀጭን ጉንጉን ግን አትበቃም። ጉንጉኑ ለኮፍያው ሥራ ወይም ለገበያው ትርጉም ያለው፣ መጠኑም የሚናቅ ያልሆነ መሆን አለበት። ጥልፍ ደግሞ ጉንጉን አይደለም። የባንዲራው ጥልፍ የቱንም ያህል ቢያምር መስመሩን አይለውጠውም።

አስቸጋሪው፦ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ያለው ኬፕ

ፊቱ የተሸመነ ጥጥ፣ ጀርባው የፖሊስተር ወንፊት የሆነውን የሾፌሮች ኬፕ ታውቁታላችሁ። ይህ በሁለት መስመር ይገባል፦ 6505.00.20 እና 6505.00.60። እዚህ ላይ ከታሪፉ የጠቅላላ አተረጓጎም ደንቦች (ኮድ እንዴት እንደሚመረጥ ከሚናገሩት) ሦስተኛው ይመጣል።

ደንብ 3(ለ) ለዕቃው መሠረታዊ ባሕርዩን የሚሰጠው ክፍል የቱ ነው ይላል። ለኮፍያ የሚታየው የእያንዳንዱ ጨርቅ ስፋት፣ ከፊት መታየቱና ራስን የሚሸፍነው ድርሻው ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን ለክታችሁ በካሬ ሴንቲሜትር ጻፉ። ገበሩን፣ የላብ መምጠጫውን፣ ጥላው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ወደ ጎን ተዉ፤ የሚቆጠረው የውጩ ጨርቅ ነው። አንዱ በግልጽ ካመዘነ በሱ ሂዱ። በእርግጥ መለየት ካልተቻለ ደንብ 3(ሐ) አለ፦ በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ይወሰዳል። በዚህ ምሳሌ 6505.00.60 ማለት ነው። ወደ 3(ሐ) የሚኬደው ግን 3(ለ) ተሞክሮ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ነው።

ለሕፃናት በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የሹራብ ኮፍያና ጓንት ስብስብም በዚሁ ደንብ ይታያል። ለችርቻሮ በአንድነት የተዘጋጀ ስብስብ ከሆነ አንድ ኮድ ብቻ ያገኛል። ጓንቱ 6116 ነው፣ ኮፍያው 6505። አንዱ ከሌላው ካልበለጠ ኋላ ያለው 6505 ለሁለቱም ይሆናል። ካርቶኑ ውስጥ ለየብቻ ታሽገው ከመጡ ግን ስብስብ አይደሉም፤ ለየብቻ ይመደባሉ።

ሒሳቡን ሥሩ

1,000 ኬፕ እንበል፤ አንዱ 3 ዶላር፣ አንዱ 80 ግራም። ጠቅላላ 3,000 ዶላር፣ 80 ኪሎ።

የተሸመነ ጥጥ ከሆነ 7.5 በመቶ፣ 225 ዶላር። የጥጥ ሹራብ ከሆነ 237 ዶላር። የተሸመነ ፖሊስተር ከሆነ በኪሎ 18.7 ሳንቲም ሲባዛ 80፣ 14.96 ዶላር፤ ላዩ ላይ 6.8 በመቶ፣ 204 ዶላር፤ ድምሩ 218.96። የአክሪሊክ ሹራብ 226 ዶላር።

እንደምታዩት በኮፍያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ያው 3,000 ዶላር የግንባር ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ ግን 438 ዶላር ነበር። መጀመሪያ «ኮፍያ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አሜሪካ ቀረጡን የሚያሰላው ዓለም አቀፉን የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ጭነት ሳይጨምር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጭነትና ኢንሹራንስ ተደምሮ ነው የሚሰላው። ሁለቱም ጋ የምትነግዱ ሒሳቡን አታምታቱ። ከቀረጡ ሌላ 0.3464 በመቶ የጉምሩክ አገልግሎት ክፍያ አለ፤ ለመደበኛ የጉምሩክ መግለጫ (ዲክላራሲዮን) ዝቅተኛው ከ30 ዶላር በላይ ነው። በመርከብ ከመጣ 0.125 በመቶ የወደብ ክፍያ ይጨመራል። ከ2,500 ዶላር በላይ የሆነ ጭነት መደበኛ መግለጫ ይፈልጋል። ቀድሞ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ይህ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ ለሁሉም አገር ታግዷል።

ከላይ ያሉት መደበኛ ቀረጦች ናቸው። እንደ ስሪት አገሩ የሚጨመሩ ቀረጦች አሉ፤ በተለይ የቻይና ዕቃ ላይ። እነሱ የሚገኙት በአሜሪካ ታሪፍ ምዕራፍ 99 ነው፤ በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ዕቃው በሚጫንበት ሳምንት እዩት። ከኢትዮጵያ የምታስመጡም አጎዋን (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል) ተስፋ አታድርጉ፤ ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዕድሉ ወጥታለች። የቻይና ኬፕ ሜሪላንድ ውስጥ ባንዲራ ስለተጠለፈበት አሜሪካዊ አይሆንም። የስሪት አገሩ ቻይና ነው፣ ምልክቱም ላይ እንደዚያው መጻፍ አለበት።

ኢንቮይሱን አስተካክላችሁ አስጽፉ

«ኮፍያ፣ 1,000 ፍሬ» የሚል ኢንቮይስ ለጥያቄ ይጋብዛል። አቅራቢው ይህን የመሰለ መግለጫ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ንገሩት፦ «የአዋቂ ኬፕ፣ ባለ 6 ቁራጭ፣ ጥላ ያለው፤ የውጭ ጨርቅ የተሸመነ፣ 60 በመቶ ጥጥ 40 በመቶ ፖሊስተር በክብደት፤ ገበር የለውም፤ ፊቱ ላይ ጥልፍ፤ የአንዱ የተጣራ ክብደት 80 ግራም፤ የስሪት አገር ቻይና።» ይህን ያነበበ የጉምሩክ ሠራተኛ ካርቶን ሳይከፍት ኮዱን ማረጋገጥ ይችላል። ሁለት ዓይነት ኮፍያ ካለ ሁለት መስመር አስጽፉ፤ ዋጋና ክብደትም ለየብቻ።

ሲያጠራጥራችሁ ጉምሩክን ራሱን ጠይቁ

የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ኮዱን በጽሑፍ ይነግራችኋል። ውሳኔው አስገዳጅ ነው፤ ክፍያ የለውም። ጥያቄው በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ኒውዮርክ ላለው የዕቃ ባለሙያዎች ክፍል ይላካል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ይመጣል። ከላይ የሰበሰባችሁትን መረጃ በሙሉ ጻፉ፣ ናሙናም ላኩ። ጥያቄው ገና ላልገባ ዕቃ መሆን አለበት።

ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ቀደም ብለው የተሰጡትን ውሳኔዎች አንብቡ። ክሮስ በሚባለው የጉምሩክ የመረጃ ቋት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። 6505.00 ብላችሁ ፈልጉ። ስለ ኬፕ፣ ስለ ቦኔት (የመኝታ ቆብ)፣ ስለ ዱራግ የተሰጡ ብዙ ውሳኔዎች ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ አጭር ነው፦ ዕቃውን ይገልጻል፣ ኮዱን ይሰጣል፣ ቀረጡን ይናገራል። አሥር ያህሉን ያነበበ ሰው የጉምሩክ ሠራተኛው እንዴት እንደሚያስብ ይገባዋል። ውሳኔው የተሻረ ወይም የተሻሻለ እንዳይሆን ገጹ ላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ። ቀረጡን ደግሞ ከአሮጌው ውሳኔ አትውሰዱ፤ ከወቅቱ ታሪፍ እዩት።

ኮዱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ

ዕቃው ከገባ በኋላ ስህተት ካያችሁ ዝም አትበሉ። ጉምሩክ የቀረጡን ሒሳብ የመጨረሻ አድርጎ ከመዝጋቱ በፊት ከሆነ አስተላላፊያችሁ ማስተካከያ ማስገባት ይችላል፤ ጊዜው ከገባበት ቀን ጀምሮ 300 ቀን፣ ወይም ሊዘጋ 15 ቀን እስኪቀረው ነው፣ የቀደመው ይቆጠራል። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ውሳኔውን ለመቃወም 180 ቀን አላችሁ።

ያነሰ ቀረጥ ከፍላችሁ ከሆነና ጉምሩክ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ራሳችሁ ካሳወቃችሁ፣ ማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ የጎደለውን ቀረጥ ከነወለዱ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። እነሱ ቀድመው ካገኙት በቸልተኝነት የጎደለውን እስከ 2 እጥፍ፣ በከባድ ቸልተኝነት እስከ 4 እጥፍ ሊያስቀጡ ይችላሉ።

ኢንቮይሱን፣ የክሩን መቶኛ የሚያሳየውን የአቅራቢውን ደብዳቤ፣ የለካችሁበትን ወረቀትና ከተቻለ አንድ ኮፍያ ለ5 ዓመት አስቀምጡ። የመዝገብ ማቆያ ጊዜው ያ ነው። አቅራቢው በሚቀጥለው ትዕዛዝ ጨርቅ ከቀየረ ከናሙናው ጋር አስተያዩትና ኮዱን እንደ አዲስ ፈትሹ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ጥጡ በፖሊስተር ሊተካ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።